ትንሿ ደውላልህ ነበር

ውድ አባዬ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ማለት ከበደኝ፤ እንዴት እንደሰነበትክ አውቃለሁና። ይህን ፊትህ ቁጭ ብዬ ልነግርህ ሁለት ጊዜ መጥቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ስልክ ይሠራል» እያልክ ታወራልኝ ነበር። የኔ ድርሻ አንቴናው ነው፤ ስልክ ውስጥ ተደብቆ ሞገድ የሚልክና የሚቀበል ስስ ብረት። ባለፈው ዓመት አለቃዬ ስልኩ ይቅጠን ብሎ የአንቴናውን ቦታ በግማሽ ቀነሰብኝ። አሳነስኩት። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግሩም አድርጎ ሠራ። በሰው ሠራሽ እጅ አስጨብጠን ስንፈትነው ግን መዳፉ አንቴናውን ሸፈነውና ሞገዱ እልም አለ።

«ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ አይደውልም» አልኩት።

«ሰው ስልኩን እንዴት እንደሚይዝ አንተ ምን አገባህ? ፈርም፤ ፋብሪካው እየጠበቀ ነው» አለኝ።

ፈረምኩ አባዬ። ማንም አላስገደደኝም። የእጁን ፈተና ውጤት ከሪፖርቱ ያወጣሁትም ራሴ ነኝ። ስልኩ ገበያ ሲወጣ ደግሞ አንዱን ለትንሿ ሰጠኋት። «ወንድሜ የሠራው ነው» እያለች ለሾፌር ጓደኞቿ ስታሳይ ከረመች።

የጭነት መኪና መንዳቷን ሰምተህ «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ» ካልካት ሦስት ወር ሆኖ ነበር። መኪናዋ ሸለቆው ውስጥ የተገለበጠው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሐኪሙ «በሰዓቱ ቢደረስላት ትተርፍ ነበር» ሲል፣ አንተ ግድግዳውን ተደግፈህ «ስልኳ እጇ ውስጥ ነው የተገኘው። እኔን ላለመጥራት ብላ ሞተች» አልክ። አጠገብህ ነበርኩ።

ዕቃዋን ከትራፊክ ፖሊሱ ስረከብ ስልኩን ከፈትኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች፤ አንዱም አልወጣላትም። አራቱ ወደ አምቡላንስ ነው። ሰባቱ ወደ አንተ።

ስልኩን ይዤ እዚያው ሸለቆ ወረድኩ። ስጨብጠው ኔትወርኩ ጠፋ። ድንጋይ ላይ ሳስቀምጠው ሁለት መስመር አሳየኝ። መሬት ላይ አስቀምጣው ብትደውል ኖሮ ይወጣላት ነበር። ግን ማን ነግሯት? ማወቅ የነበረባትን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

«ይህን ያህል አስቀይሜያት ኖሯል?» እያልክ ስትብሰለሰል ሁለት ወር ሙሉ አየሁህ። በአንድ ቃል ላሳርፍህ እችል ነበር። ያቺን ቃል ካወጣሁ ግን ሁለተኛ ዓይኔን እንደማታየው ስለማውቅ ፈራሁ። በሐዘንህ ተከልዬ ኖርኩ።

ያንን ከሪፖርቱ ያወጣሁትን ገጽ ትናንት ከሥራ መልቀቂያዬ ጋር ለአለቃዬ ሰጠሁት። አነበበና «ስልኩ እኮ ገበያውን ሞልቶታል» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ቅጂውን ለፖሊስ ወሰድኩ። ተቀብለው «እንጠራሃለን» አሉኝ። ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር ያንኑ ስልክ ጨብጣ ይዛ ነበር። ምን እንደምላት ሳስብ ወረደች።

ይቅር በለኝ አልልህም። እሷ ግን ተቀይማህ አልሞተችም።

ፊትህን ለማየት ያልደፈረው ልጅህ