ሳይጠቁር የቀረው ቴፕ

ለምወድሽ ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እዚያ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆሙ አሁንም እንደሚጎዳሽ አውቃለሁ፤ እኔ እንዳላስብ ብለሽ "ደህና ነኝ" ትያለሽ እንጂ። እናትሽ ደህና ናቸው፤ ቅዳሜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። የመምጣትሽን ወሬ ከአሁኑ ለሰፈሩ አዳርሰውታል። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የማማክርሽ ነገር አለ። እንዳትስቂብኝ ልልሽ አልኩና ተውኩት፤ ብትስቂ ይሻለኛል። ያቺ ተረበኛ የሥራ ጓደኛሽ፣ ባሏ ብልቱን ተበስቶ ቀለበት እንዳስገባ ያወራችሽ ትዝ ይልሻል? በስልክ ስትነግሪኝ ሳቅሽ አላስጨርስ ብሎሽ ነበር። "እሷማ ደስታዋን አልቻለችውም" አልሽኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ስታወሪ እንዲያ ስቀሽ አታውቂም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ፀጉሬ ሸሽቷል፣ ሆዴ ቀድሞኝ ይሄዳል፤ ስትመጪ አንድ የሚያስደንቅሽ ነገር እንኳ ባገኝ ምናለበት አልኩ። ጉዳቱንም አጣርቻለሁ። ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል፣ ሊደነዝዝ ወይም ሽንት ሊያስቸግር ይችላል፤ ለመዳንም ወራት ይፈጃል። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ መርፌ ሳይ ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው ነኝ።

"እያሰብኩበት ነው" ብዬ እዚህ ላይ ልተወው ነበር። ውሸት ነው። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ተበስቻለሁ።

የበሳኝ ሰውዬ ጨዋ ነው። ክፍሉ ጽድት ያለ፣ ጓንቱም አዲስ። "ወንድሜ፣ ትንፋሽህን ሳብ አድርግና ወደ ጣሪያው እይ" አለኝ። አየሁ፤ ከጣሪያው በቀር ምንም አላየሁም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ሥራዬ የቀዶ ሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም ማጽዳት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እንፋሎቱ በደንብ ከደረሰው፣ ጥቅሉ ላይ የምንለጥፈው ቴፕ መስመሮቹ ይጠቁራሉ፤ ካልጠቆሩ ያ ጥቅል አይከፈትም። ሳታይ የከፈተች ነርስ ስንቴ አስለቅሻለሁ። በራሴ ሲመጣ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ።

በሳምንቱ ጃኬቴን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የመርፌው መጠቅለያ ቁራጭ ወጣ። አንድ ቀን ላሳይሽ ብዬ ይዤው መጥቼ ነበር፣ የሞኝ ነገር። እንደኛው ዓይነት ቴፕ ተለጥፎበታል፤ መስመሮቹ ግን ነጭ ናቸው። መስኮት ጋ ወስጄ አየሁት፣ ያው ነጭ ነው። ይዤው ወደ ሰውዬው ሄድኩ። አገላብጦ አየውና፣ መርፌዎቹን እያጸዳ ደጋግሞ እንደሚጠቀም፣ ያን ቀን መብራት ስለጠፋ እንፋሎቱ ሳይደርሰው ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ከእኔ በፊት ማንን እንደበሳበት አያስታውስም።

እኛ ሆስፒታል ላለችው ሐኪም እያፈርኩ ነገርኳት። ቀለበቱን አወጣችልኝ። ስለ ጉበት ቫይረስ፣ ስለ ኤችአይቪ ሁሉ አስረዳችኝና፣ "ደምህ ዛሬ ቢታይ እርግጡን አይነግረንም፤ ሦስት ወር ሲሞላህ ይደገማል። እስከዚያ ወደ ባለቤትህ እንዳይተላለፍ ተጠንቀቅ፣ ልጅም ካሰባችሁ ይቆይ" አለችኝ። ልጅ አስበን እንደነበር አልነገርኳትም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ከበሽተኞቹ ጋር ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ሁለት ዓመት "ነይ፣ ነይ" እያልኩ የነዘነዝኩሽ ሰውዬ፣ የዓመት ፈቃድሽን አስተላልፊው ብዬ እለምንሻለሁ። ለእናትሽ ምክንያቱን እኔ እፈልግላቸዋለሁ። ብትሰድቢኝም አይከፋኝም፣ ይገባኛል።

ደሜን እፈራለሁ። ሌላም የምፈራው አለኝ፣ እሱ ይብሳል። ስለዚህ መልስሽን ጽፈሽ ላኪልኝ እንጂ እባክሽ አትደውዪ። "ግድ የለም፣ እቆያለሁ" ለማለት ምን ያህል እንደፈጠንሽ በጆሮዬ መስማት አልችልም።

አምላክ ጉልበትሽን ይማርልኝ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ባልሽ