በቃሌ የጻፍሁት ፈተና

ይድረስ ሳይንት ለሚገኙት ለአባቴ ለመሪጌታ ቀለሙ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንደምን ከረሙልኝ? ጾሙ እንዴት ተፈታልዎ? ያ ማኅሌት ሲቆሙ የሚይዝዎ ወገብ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗ ከጸበሉ በኋላ ተሻላት ወይስ እንደ ልማዷ «ድኛለሁ» እያለች ታታልላችኋለች? ክረምቱስ በጊዜው ገባላችሁ? እኔ፣ ባለቤቴ ይታይሽና ልጃችን ትህትና በጤና አለን። በጤና ስል በሰውነት ማለቴ ነው፤ የልቤን ከጠየቁኝ ግን ካለፈው ዓርብ ወዲህ አንድ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ይህ ራሱ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው፤ ሁለቱን ጀምሬ ቀድጃቸዋለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉኝ ይሆናል። የእናንተ ስልክ የሚሠራው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲጮሁበት ነው፤ የምነግርዎ ነገር ደግሞ ባለሱቁም መንገደኛውም እየሰማው የሚነገር አይደለም። ደግነቱ ዲያቆን ጋሹ የደብሩን ከበሮ ቆዳ ሊያስለውጥ ደሴ መጥቶ ትናንት ወደ እኛ ወረደ። ማክሰኞ በአቀስታ በኩል ስለሚመለስ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይከፍተው አደራ ብዬዋለሁ፤ እማዬ ከጠየቀችዎ ግን ይንገሯት፣ አለበለዚያ ዕረፍት አትሰጥዎትም።

እንደሚያውቁት በሳምንቱ ቀናት እዚህ ኮምቦልቻ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደሴ እየወጣሁ ማስተርስ የሚባለውን ሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። አንድ ያልነገርሁዎት ነገር አለ፦ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሲገባ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኜ በስልክ ሲጠይቁኝ ነገር እያዞርሁ አልፌዎታለሁ። ከተቆጡ አይቀር ለሚቀጥለውም ጭምር አንድ ላይ ይቆጡልኝ።

የዚህ ትምህርት ሕግ ከእርስዎ ጉባኤ ሕግ ይለያል። በየመንፈቁ የተማርነው ሁሉ በነጥብ ተመዝኖ አማካዩ ከሦስት ማነስ የለበትም። አንድ መንፈቅ ካነሰ ለተማሪው ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ በተከታዩም ካነሰ ይሰናበታል፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ደጁን አይረግጥም፤ ከዚያ በኋላም የሚመለሰው ቦታ ከተገኘ ነው። «ሲ» የሚሉት ዝቅተኛ ውጤት አንድ ቢገኝ ይታለፋል፣ ሁለተኛው ግን አይታለፍም። በፈተና ላይ ሲሰርቅ የተገኘ ደግሞ ጉዳዩ በጥፋት ላይ ለሚፈርድ የመምህራን ጉባኤ ይቀርባል። ይህን ሁሉ ስንመዘገብ በትንሽ መጽሐፍ አድርገው ሰጥተውናል፤ እኔም እንደ ዳዊት ከዳር እስከ ዳር ይዤዋለሁ። ቢሆንም ጥር ላይ አንድ «ሲ» አግኝቼ አማካዬ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሆነ፤ ማስጠንቀቂያውም ደረሰኝ። ለእርስዎ መንገር ቀርቶ ለይታይሽ የነገርኋት ከወር በኋላ ነው።

ስለዚህ ሰኔ ላይ ፈተና ስንቀመጥ ነፍሴ እጄ ላይ ነበረች። ትምህርቱ የዶክተር ነፃነት ነው፤ ሴት ናት፣ ስለ ባህላዊ ትምህርታችን ብዙ የጻፈች። ጥያቄው በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ተመዝኖ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትን ሥርዓት ተንትኑ የሚል ነበር። ሳየው ልቤ ዘለለ። እርስዎ ፊት ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥሁበት ነገር አይደለም? ደግሞም ዶክተር ነፃነት ራሷ በዚሁ ጉዳይ ላይ የጻፈችውን ጽሑፍ አስቀድሜ ሦስት ጊዜ አንብቤ ይዤው ነበር። እንደ አስተማሩኝ አደረግሁ፤ የመምህሬን ቃል አንዲት ሳልጨምር አንዲት ሳልቀንስ አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ገለበጥሁላት። ነጠላ ሰረዝ ያደረገችበት ቦታ ሁሉ ነጠላ ሰረዝ አድርጌያለሁ። ስወጣ በደስታ ሻይ ቤት ገብቼ ለሦስት ጓደኞቼ ሻይ ጋበዝሁ፤ ሞኝነቴን ይዩልኝ።

ውጤት ሲለጠፍ በእኔ ስም አንጻር ባዶ ሆኖ ቀረ። ቢሮዋ ስሄድ የእኔን የፈተና ወረቀትና የራሷን ጽሑፍ ጎን ለጎን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ጽሑፏን የት ደብቄ እንዳስገባሁት ጠየቀችኝ። አባቴ፣ በዚያች ሰዓት መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር። በቃሌ ነው አልኋት፤ ከነሰረዙ በቃሉ የሚይዝ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነግራኝ ጉዳዩን ለጉባኤው መራችው። በእኛ ደጅ ቢሆን «ዕድሜህ ይርዘም» ተብዬ የምመረቅበት ነገር እዚህ ሌባ አስባለኝ።

ይታይሽ ከፋብሪካ ፈረቃዋ ገብታ ስነግራት ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ቆማ ሰማችኝና፣ አንተ መስረቅ ብትችልማ ኖሮ ይህን ያህል ባልለፋህ ነበር አለችኝ። ማጽናናቷ ይሁን ስድቧ እስካሁን አልለየሁትም። የቤታችን ባለቤት እትየ ከይሪያ ደግሞ ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ሳይነገራቸው ሰምተው በበሩ ብቅ አሉና፣ «አብሽር ልጄ፣ ኸይር ነው፤ አላህ ሐቁን ያወጣዋል» ብለውኝ ሄዱ። እኔ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ዕረፍት አጥቼ ከረምሁ። ቁጭ ስል መቆም ያምረኛል፣ ስቆም መሄድ። እስከ ቦርከና ወንዝ ድልድይ ሄጄ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠፍቶኝ እመለሳለሁ።

ዓርብ ሐምሌ አምስት ቀን ቀረብሁ። ኮምቦልቻ ጸሐይ ነበር፤ ደሴ ስንገባ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ እስከ መንገዱ ወርዷል። አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ዶክተር ነፃነት ከዳር። ሰብሳቢው ክሱን አነበቡና የምለው እንዳለ ጠየቁኝ። ያለኝ እሱው ራሱ ጽሑፉ ነው፣ ይፍቀዱልኝና ልበለው አልሁ። እርስ በርስ ተያዩ። በል ሲሉኝ እርስዎ ፊት እንደምቆመው እጄን አጣምሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከርእሱ ጀመርሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሰብሳቢው ይበቃል አሉ፤ እኔ ግን መሀል ላይ ማቆም አላስለመዱኝምና ቀጠልሁ። አንደኛው ሰው ሳቀ። ዶክተር ነፃነት አልሳቀችም፤ በጣቷ የራሷን ጽሑፍ መስመር በመስመር እየተከተለች ነበር።

ከዚያ አንድ ቦታ ደረስሁ፤ በቃሉ መያዝ ያቃተው ተማሪ ከጉባኤው ይሰናበታል ይላል። እዚያ ላይ አስቆመችኝና ይህን ነገር ታምንበታለህ ወይ አለችኝ። አላምንበትም፣ ልክ አይደለም አልኋት። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ያልያዘ ተማሪ እዚያው ተቀምጦ ይደግማል እንጂ ማንንም ሲያሰናብቱ አላየሁም ብዬ ነገርኋት። ታዲያ ስሕተት መሆኑን እያወቅህ ለምን ጻፍኸው ብትለኝ፣ የመምህር ቃል ስለማይታረም አልኋት።

ወደ ውጭ አስወጥተውኝ ለግማሽ ሰዓት ያህል ኮሪደሩን ስለካ ቆየሁ። ሲጠሩኝ ሰብሳቢው ስርቆቱን እንደሰረዙት ነገሩኝ። ነገር ግን ሕጉ ለማስተርስ ተማሪ መያዙ እንደማይበቃ፣ የያዘውን መመዘንና የራሱን መናገር እንዳለበት ያዛልና፣ ወረቀቱ እንዳለ ቢታረም የሚያስገኘው «ሲ» ነው አሉ። ሁለተኛ «ሲ» ማለት ነው፤ ያም አማካዬን ዳግመኛ ከሦስት በታች ያወርደዋል። መሰናበት ማለት ነው። ያን ጊዜ ዶክተር ነፃነት እጇን አውጥታ፣ ውጤቱ ያልተሟላ ተብሎ ይቆይልኝ፣ የእኔ ጽሑፍ የት ላይ እንደተሳሳተ በራሱ ቃል ጽፎ ያምጣ አለች። የራሷን ጥፋት እንድጽፍ የለመነችልኝ እሷ ናት። እስከ ሐምሌ ሃያ ስድስት ቀን ሰጡኝ።

አባቴ፣ ቀላል ይመስላል አይደል? ከዓርብ ጀምሮ አንዲት መስመር መጻፍ አቃተኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና መልሼ ሳነበው የእሷ ነው፤ እሰርዛለሁ። ሌላ እጽፋለሁ፤ የእርስዎ ሆኖ ይገኛል፣ ድምፅዎ ሁሉ ይሰማኛል። ትህትና የጨመደድሁትን ወረቀት ከወለሉ እየለቀመች አባዬ ወረቀቱ ምን አደረገህ ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ስሸከም ኖሬ የራሴ የምለው አንድም እንደሌለኝ ያወቅሁት በዚህ ነው፤ በጣምም አፈርሁ።

በዚህ ላይ ነው ትናንት ጋሹ የመጣው። ምሳ እየበላን ስለ እርስዎ ጉባኤ ስንጫወት፣ ሳያስበው አንድ ነገር አነሳ። የዛሬ ሦስት ዓመት የድጓ ማስመስከሪያ ከሆነችው ከቤተልሔም የመጡ መምህር እርስዎ ዘንድ በእንግድነት አርፈው እንደነበር፣ የዐቢይ ጾሙ ዜማ ጾመ ድጓ ላይ አንዲት ቦታ ይዘት በሚሉት የዜማ ምልክት ሲሏት እርስዎ እንዳደመጡ፣ በማግስቱም ለተማሪዎቹ ድፋት በሚባለው ምልክት ያስተማሩትን ትተው በይዘት እንዳዜሙላቸው ነገረኝ። የትኛዋ ቦታ እንደሆነች ብጠይቀው አዜመልኝ። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ።

ያችን ቦታ እርስዎም አይረሷት። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከወይራው ሥር እርስዎ ፊት ቆሜ በይዘት አልኋት። ድፋት ነው አሉኝ። በይዘት ደገምሁት፤ ጆሮዬ እንዲያ ነበር የሚለኝ። መጽሐፉን ዘግተው ከመጀመሪያው ጀምር አሉኝ፤ የሁለት ዓመት ድካሜን። አልቆጡኝም፣ አልመቱኝም፣ ሂድም አላሉኝም። በመስከረም አጅባር ከተማ ወርጄ አስኳላ ትምህርት ቤት ስመዘገብ ለእማዬ ዓለማዊውን ትምህርት ወድጄ ነው አልኋት። ለእርስዎም እንዲያው ተነገረዎት። አልነበረም አባቴ። ከመጀመሪያው መጀመር አልቻልሁም ነበር።

ጋሹ ወደ ማደሪያው ከሄደ በኋላ ተነስቼ ብዙ ሄድሁ፤ በሐርቡ መንገድ ከከተማ እስክወጣ ድረስ። ስመለስ ቁጭ ብዬ ጻፍሁ፣ አሁንስ አልቀደድሁትም። እንዲህ ይላል፦ «በአባቴ ጉባኤ ማንም ተማሪ አይሰናበትም፤ ነገር ግን መምህሩ ሲሳሳት የሚነገርበት ሥርዓት ስለሌለ፣ ጆሮው ትክክል የሆነ ተማሪ ራሱን አሰናብቶ ይሄዳል።» ይህ የዶክተር ነፃነት ጽሑፍ ላይ የለም። ከእርስዎም አልሰማሁትም። ከማንም ያልቀዳሁት የመጀመሪያው ቃሌ ነው፤ የመጀመሪያው ቃሌም እርስዎን የሚነካ ሆነ።

ከተከታዩ ጋር ሁለት ገጽ ይሆናል። ሳያነቡት ለሌላ ሰው አልሰጥም፤ ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልዎታለሁ። ጋሹ ከበሮውን አድርሶ ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ ሊወርድ ነውና ዐሥራ ስድስት ላይ በእኛ በኩል ያልፋል። አይሆንም ካሉኝ በእሱ እጅ አይሆንም ይበሉኝ፤ ሳልሰጥ እሰናበታለሁ፣ እሱንም ከእርስዎ ፊት እንደ መሰናበት አልቆጥረውም። ስጥ ካሉኝ ግን ስጥ ብቻ ብለው አይላኩብኝ። ያችን ቦታ ሲቀይሯት እኔን አስበውኝ እንደሆነ አንዲት መስመር ይጻፉልኝ። ከውጤቱ ይልቅ ዕረፍት የነሳኝ እሱ ነው።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ስኳርና ቅባት በጋሹ እጅ አለላት። እህቴ ፀሐይነሽን ለመውለድ ስትቃረብ እንድትልክብን ይንገሩልኝ፣ ይታይሽ ትመጣለች። ትህትና አያቷን «እንደምን አሉ» ትላለች፤ ፊደል እስከ «ቸ» ደርሳለች፣ እንደ እኔ ስትሳሳት ከ«ሀ» አላስጀምራትም። ከወይራው ሥር ለተቀመጡት ተማሪዎችዎም ሰላምታ ያቅርቡልኝ። ከእነሱ አንዱ ዜማውን ያበላሸ ሲመስልዎ፣ ከመጀመሪያው ጀምር ከማለትዎ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ያድምጡት።

ልጅዎ ወንድምአገኘሁ ቀለሙ
ኮምቦልቻ፣ እሁድ ሐምሌ 7 ቀን 2005 ዓ.ም.