በሠላሳ አምስት ደቂቃ ቡለን ለመድረስ ስለተሰጠኝ ፈቃድ

ለተከበሩ የመምህራን ፈቃድና ዝውውር ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለው የበረራ ሰንጠረዥ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ አቧራዬን አራግፌ ከጨረስሁ ወዲህ ደህና ነኝ።

ደባልቄ እባላለሁ፤ እዚሁ አሶሳ የሒሳብ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ቡለን ታስተምራለች። አዲሱ ክልላችን ሲቋቋም ባልና ሚስት እንዳይለያዩ ብለው በአንድ ክልል ስለመደቡን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ በመካከላችን ያለው ዓባይ ብቻ ነው፣ መሻገሪያ ድልድይ አጣንለት እንጂ።

አንደኛ፦ ባለቤቴ የመውለጃዋ ጊዜ ደርሶ ፈቃድ ስጠይቅ፣ ጸሐፊዎ አቶ ሐመድ ሰንጠረዡን አይተው ከአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቡለን አውሮፕላን ማረፊያ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ በረራውም ሠላሳ አምስት ደቂቃ መሆኑን ነገሩኝ። ቡለን አውሮፕላን ማረፊያ እንደሌላት በትሕትና ባስረዳም፣ «መምህር፣ እኔ ከሰንጠረዥ አልበልጥም» ብለው ሦስት ቀን ፈቀዱልኝ። ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ለዕረፍት መሆናቸውን ስለነገሩኝም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ከክልሌ ወደ ክልሌ ለመሄድ ከክልሌ ወጣሁ። በነቀምት አድርጌ አዲስ አበባ፣ ከዚያ የዓባይን በረሃ ወርጄና ወጥቼ ጎጃም፣ ከቻግኒ ደግሞ በእህል መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ በሰባተኛው ቀን ቡለን ገባሁ። ለሕሊናዬ ብዬ አውሮፕላን ማረፊያውን ብጠይቅ፣ ወይዘሮ በቀለች የተባሉ የበርበሬ ነጋዴ «ዛሬ የለም፤ ገበያው ቅዳሜ ነው፣ ያኔ ሊመጣ ይችላል» አሉኝ።

ልጄ እኔ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ሰልፍ ላይ ሳለሁ ተወልዳለች። ማንጠግቦሽ በር ላይ ስታየኝ፣ «ምነው ቸኮልክ? ክርስትናው እኮ ገና ነው» አለችኝ። ስቃ ነበር፤ ኋላ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ልጄን ሁለት ቀን አቀፍኋት። ፈቃዴ ካለቀ ስድስት ቀን ሆኖት ነበርና በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተኝታ ሳለች ወጣሁ።

ሦስተኛ፦ እንደተመለስሁ ማስጠንቀቂያዎን ተቀበልሁ። «ለሠላሳ አምስት ደቂቃ መንገድ አሥራ ስድስት ቀን በመፍጀት» ይላል። የሒሳብ መምህር ነኝና ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት፤ ስህተት የለበትም። ስህተቱ ከመሬቱ ነው፤ ለመሬቱም ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍለት በአክብሮት አመለክታለሁ።

የክቡርነትዎ ብዕር እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

ደባልቄ፣ የአንድ ሴት ልጅ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ባለቤቴ ወደ አሶሳ መዛወሯን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ ተደሰትሁ። በዚያው ፖስታ ውስጥ ሁለተኛ ደብዳቤ ነበር፤ እኔን ወደ ቡለን አዛውረውኛል።