በስሜ የተሰጠ እሺታ

አባዬ፣

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ የይለፍ ቃሌን አልቀበልም ያለኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ተሳስቼ ነው ብዬ ደግሜ ጻፍኩት። ስክሪኑ ላይ አካውንቴ እንደታገደና ቢሮ እንድቀርብ የሚያዝ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ሰላምታዬን ሳላስቀድም በዚህ የጀመርኩት ንቄዎት አይደለም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ሳስብ የምነሳው ከዚያች ሰዓት ነው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎን ተሻለዎት? የደም ግፊት መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይወስዳሉ ወይስ ደህና ስሆን ምን ያደርግልኛል እያሉ ይተዉታል? እማዬስ እንዴት ናት? እግሯን በየቀኑ ትታጠባለች? የላክሁት ቅባት አላለቀም? ጫማው ጠበበኝ ብላ በነጠላ ጫማ መውጣት ጀምራ እንደሆነ እባክዎ አይሸፍኑላት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የምበላው ምን ምን እንደሚል ግን አላውቀውም። አላለቀስኩም።

በስልክ ያልነገርኩዎ በምክንያት ነው። በስልክ እርስዎ ቆይ አንዴ ይሉኛል፣ እኔም እቆያለሁ፣ ሌላ ሰው ያወራል። ወይንሸት የምትባል የሶዶ ልጅ እናቷን ልትጠይቅ ስለምትመጣ ይህንን በእጇ ሰድጄዋለሁ።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼዎ አላውቅም። ነጭ ጋዋን ለብሼ ላብራቶሪ የምውል ይመስልዎታል። የመመረቂያ ጥናቴ ግን የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። ስለ ዝሆኔ በሽታ፣ የእማዬን እግር ስላሳበጠው ስለ ቀይ አፈር፣ የተጻፈውን ሁሉ ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያም የሚታመነውን ከማይታመነው መለየት ነው። በሽታው በየዘመኑ በሌላ በሌላ ስም ስለተጻፈ የዛሬ ስሙን ብቻ ይዞ የፈለገ ሰው የድሮዎቹን አያገኛቸውም። ስም ሲቀር አንድ ወረዳ ሙሉ ሰው ከጥናቱ ይቀራል። ሚስ ሎሬታ የምትባል የጤና ሳይንስ ክፍሉ ባለሙያ አጠገቧ አስቀምጣ ስሞቹን እንዴት እንደማያይዝ፣ የአፍሪካ መጽሔቶች የትኛው የመረጃ ቋት ውስጥ እንዳሉ፣ እዚህ የሌለውን ከሌላ ግዛት እንዴት እንደሚያስመጡ አሳየችኝ። የዕረፍት ወራቱን በሙሉ በዚህ ጨረስኩ። ከእኛው ከወላይታ የተጻፈ አንድ የድሮ ሪፖርት አለ፤ ሁሉም ይጠቅሰዋል፣ ያነበበው ሰው ግን አላጋጠመኝም። አስመጡልኝ ብዬ ነበር። የመጣው ያንኑ ሐሙስ ነው። የታገደው አካውንቴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

እትዬ ገበያነሽ ቤት እንዴት እንደምንኖር ያውቃሉ፤ በቤተ ክርስቲያን በኩል ለምነው አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል እሳቸው ዘንድ ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። እዚያ ቤት የእኔ የሚባል ነገር የለም፣ በክፉ አይደለም የምለው። የመኪናው ቁልፍ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፣ የቸኮለ ያነሳዋል። ስልካችን ሁሉ በአንድ ሒሳብ የሚከፈል ፋሚሊ ፕላን ነው። ከዚያ ሐሙስ በፊት አንድ ማታ ልጃቸው ሄኖክ እራት ላይ የላይብረሪ ሎግኢኔን፣ የይለፍ ቃሌን ማለት ነው፣ ጠየቀኝ። ለነርሲንግ ፈተና የሚያዘጋጅ ቢዝነስ ሊጀምር ስለሆነ ጥቂት አርቲክል ዳውንሎድ ላድርግ ነው የሚለው። እኔ መልስ ሳልሰጥ እናቱ ወጡን እየጨለፉልኝ፣ «እህትህ አይደለች እንዴ፣ ምን ያስጠይቅሃል?» አሉት። ጻፍኩለት። ደንቡ እንደሚከለክል አውቅ ነበር፤ ይህን ድርሻዬን ለቢሮውም አልደበቅኩም።

የፈለገው ግን ጥቂት አርቲክል አልነበረም። በራሱ እየለቀመ የሚያወርድ ፕሮግራም ጭኖ ጂም ሄደ፤ ፕሮግራሙ ብቻውን ሲያወርድ ዋለ። መጽሔቶቹን የሚያቀርበው ድርጅት ተዘረፍኩ ብሎ ለዩኒቨርሲቲው አመለከተ። ስሙ የእኔ ነው። ሰኞ ቀርበሽ አስረጂ ተባልኩ። ካልሆነልኝ እባረራለሁ፤ ከተባረርኩ የተማሪ ቪዛዬም አብሮ ያበቃል። ለሄኖክ ስነግረው ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ሪላክስ፣ ላይክ፣ ፋይል ነው እኮ፤ ሰው አልገደልሽም» አለኝ። አብረን ሄደን እንንገራቸው ስለው ለአሜሪካ ሲቲዝንሺፕ አፕላይ አድርጌያለሁ፣ ስሜ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ መግባት የለበትም አለ።

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤት መጡ። ጋሽ ፍሬውን ያውቋቸዋል፤ ታመው ሳሉ በቪዲዮ የጸለዩልዎ ናቸው። አብረዋቸው የመጡት ሁለቱ ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። ጋሽ ፍሬው በጸሎት ከፈቱ። ከዚያ ነገሩ ከቤት ሳይወጣ እንዲያልቅ፣ ያወረድኩት እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ተማሪ ስለሆንኩም እንደሚምሩኝ ነገሩኝ። ባይምሩኝስ አልኳቸው። ጋሽ ፍሬው ረጋ ብለው፣ «አንቺ ብትመለሺ የምትመለሺው አባትሽ ቤት ነው። ሄኖክስ ወዴት ይመለሳል?» አሉኝ። ከሁለቱ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው።

እምቢ አልኩ። ያኔ ጋሽ ፍሬው ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከእርስዎ ጋር ማውራታቸውን፣ እርስዎም ልጄ ከቃላችሁ አትወጣም፣ እኔ ስለ እሷ እሺ ብያለሁ እንዳሉ ነገሩኝ። አባዬ፣ ስክሪኑ ሲዘጋብኝ ደንግጬ ነበር። ይህን ስሰማ ግን ምንም አልሆንኩም። የሶፋውን ዳንቴል ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነኝ፤ ጥርሴን ለመንቀል ያደነዘዙኝና ማደንዘዣው አልለቅ ያለኝ ይመስላል።

ምን ብለው እንዳስረዱዎት አላውቅም። ትንሽ ነገር ናት፣ በይቅርታ ታልቃለች ብለውዎት ይሆናል። ግን አልደወሉልኝም። ስልኬ ክፍት ነበር። እማዬ መነጽሯ ስለማይበቃት ይህን ድምፅዎን ከፍ አድርገው እንደሚያነቡላት አውቃለሁ። እባክዎ ይህን ቦታ አይዝለሉባት።

ሰኞ ቀርቤ እንደሆነው ተናገርኩ። የይለፍ ቃሌን ለማን እንደሰጠሁ ስሙን ጠርቼ ነገርኳቸው። ሚስ ሎሬታ ሳልጠራት መጥታ ከኋላዬ ተቀመጠች፤ ተራዋ ሲደርስ ፋይሎቹ ከስኔልቪል ሲወርዱ እኔ ፊቷ ቁጭ ብዬ የበሽታ ስሞች ስፈልግ እንደነበር ተናገረች። አላባረሩኝም። አካውንቴ ግን እስከ ጥር አይከፈትም፣ ምርቃቴም ተላልፏል። ሕንፃው ውስጥ መግባት ስላልተከለከልኩ በየቀኑ እሄዳለሁ። የተጠረዙትን የድሮ መጽሔቶች ከምድር ቤት እያወጣሁ ገጽ በገጽ አገላብጣለሁ። ትናንት በኮምፒውተር ስፈልግ ያመለጠኝን አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቁጥሩን ጽፌ ቀጣዩን ጥራዝ አነሳሁ።

ከስኔልቪል ወጥቻለሁ። እትዬ ገበያነሽ አልጮኹብኝም፤ የመኪናውን ቁልፍ ከበሩ ላይ አንስተው መኝታ ቤታቸው አስገቡት፣ ገባኝ። አሁን የምኖረው ፓይን ሌክ በሚባል ሰፈር፣ ሆስፒታል ከምትሠራው ከትዕግስት ጋር ነው። በገባሁ ቀን የራሴን የክፍል ቁልፍ ሰጠችኝ፤ እስካሁን ኪሴ ውስጥ እየነካሁ አረጋግጣለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሰው እጁን ይዘረጋልኛል፣ ዓይኑን ግን ያሸሻል። የምቀመጠው ያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። አልለቀቅኩትም።

እማዬን ሁለቱንም እግሯን እስማለሁ፤ ጥር ላይ አካውንቴ ሲከፈት ያንን የወላይታ ሪፖርት መጀመሪያ ለእሷ እንደማነብላት ይንገሩልኝ። ወንድሜን ቃለአብን ለፈተናው በርታ ይበሉልኝ፣ የስልኩን የይለፍ ቃል ለሰፈር ልጅ ሁሉ ማደሉንም ይተው። እህቴን እየሩሳሌምን ከነባሏ፣ ልጃቸውን ትንሹን ልዑልንም ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ ጥርስ አወጣ ሲሉኝ ፎቶውን አይቼዋለሁ።

እርስዎንም ጉልበትዎን እስማለሁ። ልጅዎ መሆኔ አልተለወጠም። የእትዬ ገበያነሽን ውለታ አልረሳም፣ ባገኘኋቸው ቀን ቆሜ አመሰግናቸዋለሁ። በስሜ ግን አልከፍለውም። እሱ እንዲተርፍ እኔ ልጥፋ የሚል እርቅ በጸሎት ቢከፈትም ከእንግዲህ አልቀመጥበትም። እኔ በሌለሁበት በስሜ የሚሰጥ እሺታን ከማንም አልቀበልም፣ ከእርስዎም ቢሆን። ስለ እኔ የሚደውልልዎ ሰው ካለ ቁጥሬን ይስጡትና ስልኩን ይዝጉት።

ልጅዎ ሩሐማ ሽፈራው
ፓይን ሌክ፣ አትላንታ
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.