እማዬን ይዤ ወደ ሐይቅ የወረድኩበት ሰሞን

ለውድ ወንድሜ ለኢያቄም፤

እንዴት ሰነበትክ ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? የጎዴ ፀሐይ እንዴት አድርጋ ያዘችህ? የምትቆፍሩት ጉድጓድስ ውኃ ወጣለት ወይስ አሁንም አቧራ ብቻ ነው የሚተፋው? ወገብህ ተሻለህ? አብሮህ የሚሠራው ሰሎሞንስ ወባው ለቀቀው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። ባለቤቴ ምሥጋናው ደህና ነው፣ ልጃችን የአብስራ ደህና ናት፣ ላሟ ወልዳለች፣ ጤፉም ዘንድሮ አንገቱን ደፍቷል። እማዬም ደህና ናት። እንዴት ደህና እንደሆነች ለመንገር ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩት፤ በስልክማ ሦስት ቃል ሳንባባል ይቆረጣል።

በመጀመሪያ አንድ የደበቅኩህን ነገር ልንገርህና ተቆጣኝ። በክረምቱ እማዬን ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። አገር ርቀህ እንዳትጨነቅ ብዬ ዝም አልኩህ። ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፈላት በኋላ እንቅልፍሽ እንዴት ነው ቢላት፣ የምን እንቅልፍ ብላ መልሳ እሱኑ ጠየቀችው። ሰውየው ወደኔ ዞሮ፣ መድኃኒቱ ብቻውን ምንም አያደርግላትም፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል፣ ከተቻለ ለጥቂት ቀን ቦታ ቀይሩላት አለኝ።

ለምን እንደማትተኛ አንተም ታውቃለህ። ያኔ በጦርነቱ ስልክም መብራትም በጠፋብን ጊዜ፣ አምስት ወር ሙሉ በሕይወት መኖርህን ሳናውቅ ከቆየን ወዲህ እማዬ የቀድሞዋ እማዬ አይደለችም። አንተ እሑድ እሑድ ከበረሃ ወደ ከተማ ወጥተህ ትደውላለህ፤ እሷ ደግሞ ከቅዳሴ እንደተመለሰች ስልኩን እንደ እንቁላል ይዛ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ትወጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ዓይኗ ይፈጣል። አሥር ከሆነ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ይጨነቃል። ከደወልክ በኋላ እንኳ ለአንድ ቀን ብቻ ነው ደህና የምትሆነው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ የሚመጣውን እሑድ መፍራት ትጀምራለች።

እንግዲህ ሐኪሙ ያለውን ይዤ ከአለቃዬ ፈቃድ ለመንኩ። ሆቴላችን ከጥቂት እንግዳ በቀር ባዶ ስለነበር፣ አንሶላውን አጥበሽ ጨርሺና ሂጂ አለኝ። ለእማዬ ግን ማን ይንገራት? ለመዝናናት እንሂድ ብላት ሳቀችብኝ። ሥራ የፈታ ሰው ነው የሚዝናናው፣ እኔን ዕረፍት የሚያምረኝ አፈር ስገባ ነው አለች። ወዴት ነው ለመሆኑ ብላ ጠየቀችኝ። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወዲህ፣ ውኃው ዳር አንድ ጸጥ ያለ ማረፊያ አለ ብዬ ነገርኳት። ሐይቅ የሚለውን ስትሰማ እንዝርቷን አቆመች። "መቼ ነው?" አለች። እኔ ጅሏ በምላሴ ጣፋጭነት ያሸነፍኳት መስሎኝ ነበር።

አርብ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጋሸና ላይ ነፋሱ ጆሯችንን ሊቆርጠው ምንም አልቀረው፤ ድልብን ስንወርድ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ማርያም ማርያም ስትል ነበር፤ ወልዲያ ስንደርስ ሙቀቱ ነጠላችንን አስጣለን። መርሳ ላይ ብርቱካን ገዛሁላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐይቅ ገባን። የጥቅምት እስጢፋኖስ ባለፈው ሳምንት አልፎ ሕዝቡ ስለተበተነ ከተማው ጭር ብሎ ነበር። ማረፊያው የኸዲጃ ይባላል፤ ኸዲጃ ባሏ የሞተባት፣ ሳቅ የማይለያት ሴት ናት። አራት ክፍል አላት፤ ከእኛ በቀር እንግዳ አልነበረም።

እማዬ ከክረምት ተከዜ የሚበልጥ ውኃ አይታ አታውቅም። ዳሩ ላይ ቆማ ብዙ ተመለከተችና ወዴት ነው የሚሄደው ብላ ኸዲጃን ጠየቀቻት። አይሄድም አለቻት። እዚሁ ቁጭ ነው ብላ ደገመች። እዚሁ ቁጭ ነው አለቻት ኸዲጃ። እማዬም ራሷን እየነቀነቀች፣ እንግዲህ ዕረፍት ማለት ይኼ ነዋ አለች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዞር ብዬ ሳያት ግን እሷ አልሳቀችም፤ ዓይኗ ከውኃው ማዶ ገዳሙ ያለበት ዛፉ የጠቆረው ጋ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ነገሩ ወጣ። ነጭ ለብሳ፣ ከሻንጣዋ ሥር አንድ ጥቅል አወጣች። ጋቢ ነው። ያን ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈትለው የነበረው፣ ለራሷ ለብርድ የምታሠራው የመሰለን ጋቢ። ምንድነው ብላት አልጋው ላይ ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረችኝ። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ስለ አንተ ምንም ባልሰማችበት ሰሞን፣ አንድ ቀን የሐይቅ እስጢፋኖስን ስም ጠርታ፣ የልጄን ድምፅ ካሰማኸኝ ጋቢ ፈትዬ ከገዳምህ በዕድሜ ለሚበልጡት አባት በእጄ አለብሳለሁ ብላ ተስላ ኖሯል። አንተ የደወልከው በሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ እሷም ሲያማት ሲሻላት ስዕለቱ ሳይደርስ ቀረ። ስልክህ በዘገየ ቁጥር፣ ይኸው ስዕለቴ ልጄን ያዘብኝ ትላለች ለካ። ደም ግፊቱ ይኼ ነበር ወንድሜ። ሐኪሙ ምን ያድርግ!

እንዲህ ከሆነማ ቀላል ነው፣ ቁርስ በልተን እንሄዳለን አልኳት። ኸዲጃ ሻይ ይዛ ስትገባ ሰማችን። መነጽሯን አውልቃ አንዴ እኔን አንዴ እማዬን አየች። እዚያ ገዳም ሴት አይገባም እኮ አለች። ትልቁ ዛፍ ጋ ስትደርሱ ያስቆሟችኋል፣ ከዚያ ወዲያ የወንዶች ነው፣ የላሊበላ ሰዎች ሆናችሁ ይኼን እንዴት አታውቁም አለች። እውነቷን ነው። እኛ ቤተ ጎልጎታ ደጃፍ ላይ ቆመን ወንዶቹ ገብተው ሲወጡ እያየን አይደል ያደግነው? እኔማ ኀፍረቱ ፊቴን አቃጠለኝ፤ የክርስቲያኖቹን ሥርዓት እስላሟ ነገረችን።

እማዬ አላመነችም፤ ሄድን። ዛፉ ጋ በረኛው መነኩሴ፣ ገና ወጣት ናቸው፣ በትሕትና አስቆሙን። ነገሩን ስነግራቸው ስጡኝና አደርሳለሁ አሉ። እማዬ አይሆንም፣ በእጄ ብያለሁ አለች። እሺ በዕድሜ የሚበልጡት አባት ወደዚህ ይምጡ አልን። እሳቸውማ እግራቸው አብጦ ከክረምት ጀምሮ ከበዓታቸው አልወጡም፣ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል አሉን። ሌላ ሽማግሌ መነኩሴ ልጥራ ቢሉም፣ በዕድሜ ለሚበልጡት ብያለሁ አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ መነኩሴውም መከሯት። ጥቅሏን አቅፋ ተነሣችና ተመለስን።

የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም። ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ "ልጄን ራሴ በአፌ አሰርሁት፤ የሚፈታው ቦታ ደግሞ እኔ ልገባበት የማልችልበት ነው" አለችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩ። በእሷ ተናደድኩ፣ በስዕለቱ ተናደድኩ፣ አንተንም አልማርኩህም፤ ይህ ልጅ ምን ሊያደርግ ነው ጎዴ ድረስ የሄደው፣ ላሊበላ ውኃ የሚቆፍር ጠፍቶ ነው ብያለሁ። በኋላ ግን ስትንቀጠቀጥ ሳያት ንዴቱ ወጣልኝና ፈራሁ። ልታርፍ ያመጣኋትን እናቴን ገድዬ ልመልሳት ነው ብዬ ኸዲጃ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ኸዲጃ ትከሻዬን እያሻሸች፣ "አይዞሽ እታለም፤ አላህ የእናትን ልብ አይቶ ነው እንጂ ቃሏን በሚዛን መዝኖ አይጠይቃትም" አለችኝ።

እሑድ ከአጥሩ ውጭ ቆመን አስቀደስን። ስንጨርስ በረኛው መነኩሴ እጃቸውን እያርገበገቡ መጡ። ለካ ማምሻውን ለሽማግሌው ነግረዋቸው ኖሯል፤ ላስቴዋ ሴት እንዲህ ብላ ተመለሰች ብለው። ቆዩ ብለውን ገቡ። ቆየን። ፀሐዩ ከፍ እያለ ሲመጣ ሁለት መነኮሳት ግራና ቀኝ ደግፈዋቸው፣ አንድ እርምጃ ሄደው አንድ አረፍ እያሉ፣ አጥንታቸው የቀረ ሽማግሌ ከዛፎቹ መሀል ብቅ አሉ። እማዬ መሬት ላይ ተደፋች። ከዛፉ ሥር አስቀመጧቸውና እስኪተነፍሱ ጠበቅን። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ "ሴቲቱ ወደኔ እንዳትመጣ ሥርዓት ከለከላት፤ እኔ ወደ ሴቲቱ እንዳልመጣ ግን ከእግሬ በቀር የከለከለኝ የለም" አሉ።

እማዬ በገዛ እጇ ጋቢውን አለበሰቻቸው። በትከሻቸው አዙራ፣ ጥለቱን አስተካክላ፣ ልክ አንተን ትምህርት ቤት ስትልክህ እንደምታደርገው ደረታቸው ላይ ሰብስባ ያዘችላቸው። የልጁን የክርስትና ስም ንገሪኝ አሉ። ኃይለ ጊዮርጊስ አለች። አንድ ጊዜ አጉተመተሙና "የሱን ነገርሽኝ፤ ያንቺስ?" አሏት። ወንድሜ፣ እናታችን የራሷን የክርስትና ስም ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት። ይህን ያህል ዘመን ስታስጸልይ አንድም ቀን የራሷን ስም ሰጥታ አታውቅም ነበር። ወለተ ሚካኤል አለች በመጨረሻ። እሳቸውም ሁለታችሁንም ጠርተው ጸለዩ። ሲጨርሱ፣ ስዕለት ምስጋና ነው እንጂ ወጥመድ አይደለም፣ እግዚአብሔር ልጅሽን የጠበቀው ሊይዝብሽ አይደለም፣ ሂጂና እንቅልፍሽን ተኚ አሏት። እንቅልፍ እንደሌላት ማንም አልነገራቸውም፤ ምናልባት ከፊቷ አንብበውት ይሆናል።

እያለቀሰች ተመለሰች፤ ማረፊያችን ስንደርስ ግን ረሀቧን ነገረችን። ኸዲጃ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ጠብሳ ነበር። እማዬ የእስላም ቤት ሥጋ እንደማትበላ ታውቃለህ፤ እጇን ሰብሰብ ስታደርግ ኸዲጃ ገብቷት፣ ዓሣ ቢላዋ ሳያየው ነው የሚሞተው፣ ስለዚህ የናንተም ነው የኛም ነው አለቻት። እማዬ አሰበችበት። ከዚያ አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ያዘች። እሾኹን ስትለቅም ያየሁባትን ትዕግሥት በሆዳሟ ድመታችን ላይ እንኳ አላየሁም። ጣቷን እየላሰች፣ ለካ ይኼን ነው እዚያ ላይ ሆነን ስንንቀው የኖርነው አለች።

ከምሳ በኋላ ማረፊያው ግቢ ውስጥ ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ጎኗን አሳረፈች። ለጥቂት ደቂቃ ነው አለች። ቀና ብዬ ሳያት አፏ ተከፍቶ ታንኮራፋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንተ ደወልክ። ስልኩ እንደወትሮው ጉያዋ ውስጥ ነበር፤ እዚያው ደረቷ ላይ ጮኸ፣ ነዘረ፣ እሷ አልሰማችም። እኔ ነኝ ቀስ ብዬ አውጥቼ ራቅ ብዬ ያነሣሁት። ተኝታለች ስልህ አላመንከኝም፣ እውነቱን ንገሪኝ ብለህ ጮህክብኝ፣ ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። እንዴት እንደደነገጥክ አውቃለሁ፤ እማዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ስልክህን ሳታነሣ የቀረችው ያን ቀን ብቻ ነው። ይቅር በለኝ። ልቀስቅሳት ብዬ ሄጄ ነበር፤ አልቻልኩም። ፊቷ ላይ ያየሁትን ብታየው አንተም አትቀሰቅሳትም ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነካ አደረግኋት። ኢያቄም ደውሎ ነበር አልኳት። ስድብ ጠብቄ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ ደህና ነው ወይ አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። "ታዲያ ደህና ከሆነ ምን ብለሽ ቀሰቀስሽኝ?" አለችና ወደ ሌላው ጎኗ ዞረች። እኔም ነጠላዬን ደረብኩላትና ውኃው ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። እዚያም እንደገና አለቀስኩ፤ ያሁኑ ግን ከደስታ ነው።

ሰኞ ተነሥተን ወልዲያ አድረን ማክሰኞ ላሊበላ ገባን። መድኃኒቷን እየወሰደች ነው፤ እንቅልፉም ከዚያ ወዲህ አልተዋትም፤ እንዲያውም ጧት ላሟን ማለብ እያረፈደችብኝ ከምሥጋናው ጋር እየተጣላሁ ነው።

ምሥጋናው እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ ለጥምቀት እንዳትቀር ብሏል። የአብስራ አጎቴ ግመል ይላክልኝ ትላለች፤ ፎቶውን ላክላትና ትረፍ። ጎረቤታችን ፋና ሰላም ብላሃለች፤ እሑድ እሑድ አብራን ስትጨነቅ የኖረችው እሷ ናትና ምስጋና ይገባታል። ለሰሎሞን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። ኸዲጃም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ አንድ ቀን መጥቶ ዓሣዬን ይብላ ብላለች። እማዬ አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። ምን ልበልልሽ ብላት አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ አለች፤ እሑድ ካልተመቸው ከሥራው አይንገላታ፣ ሰኞም ቀን ነው በይው።

እህትህ ሰብሌ

ላሊበላ፣ ጥቅምት ፳፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.