በእኔ ስም የተተኛው እንቅልፍ

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሰዕብ፦

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ኑሰይባ ደህና ናት? ለሠርጋችሁ ሜልበርን ድረስ የተጓዙት እናታችንስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? እኔና ጨቅላዋ ልጄ ሱመያ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ማለቴ ለወጉ ነው፤ በእንቅልፍ እጦት ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፣ አንተ ደግሞ ጨምረህ አናደድከኝ።

የአጥቢ እንስሳት እናቶችን እንቅልፍ አጠናለሁ እያልክ በስልክ ስታደርቀኝ ከርመሃል። ዶልፊን ግማሽ አንጎሏ ሲተኛ ግማሹ ነቅቶ ልጇን ይጠብቃል፤ አይጥ ደግሞ ወተቷ የሚወርደው ስታሸልብ ነው አልከኝ። ይሁን። የኛም ድመት ከደረጃው ሥር ወልዳ፣ ልጆቿ ሲጠቡ እሷ ተዘርራ ትተኛለች። ምን አለባት፤ አራስ ጠያቂ አይመጣባት! እኔ ጋ ግን ጀጎል በሙሉ ይመጣል። ገና ዓይኔን ስከድን የባሌ አክስት ሐዲያ "ተነሺ፣ ሰው መጥቷል" ይሉኛል።

ያን ግንባር ላይ የሚታሰር የእንቅልፍ መለኪያ ስትልክልኝም እሺ ብዬ አሰርኩት። ሱመያ እየጎተተች አላስቀምጥ ስትለኝ ባሌ ዐብዱልሐኪም "እስቲ እኔ ልሞክረው" አለና አጠለቀው። ራስ ምታቴን ያዝ አደረገልኝ ብሎ ከዚያ ወዲህ አላወለቀውም። ልጅቷ ጆሮው ሥር ስትጮህ እሱ ያንኮራፋል። አንተ ሊቁ ታዲያ በኢንተርኔት የሚደርስህን ውጤት አየህና "ማሻአላህ፣ ናፊያ ለጥ ብላ ነው የምታድረው" ብለህ ለእናታችን ነገርክ! የምታጠባ ሴት አንጎልና በፈረስ መጋላ ገበያ የሚነግድ ወንድ አንጎል መለየት ካቃተህ ምኑን ተማርከው?

በዚህ ሳምንት ሊመለሱ የነበሩት እናታችንም ይህን አምነው በስልክ "ከተኛሽማ ምን ያስቸኩለኛል፣ እስከ ረመዳን ልቆይ" አሉኝ። እንግዶቹ ተደርድረው ተቀምጠው ስለነበር እነሱ ፊት ማልቀሱ አሳፍሮኝ "እሺ" አልኩ።

እሺ ያልኩት ከአንገት በላይ ነው። ትናንት ሱመያን ታቅፌ እያጠባሁ አንቀላፍቼ፣ ከእጄ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች። በጣም ፈራሁ፣ ሙሰዕብ። እንግዳውን በዘዴ የሚመልስልኝ፣ ልጄን ተቀብሎ "ተኚ" የሚለኝ ከእናቴ በቀር ማንም የለም። የሆነውን ነግረሃቸው ትኬታቸውን ዛሬውኑ አስተካክል። ጥናትህንም አርም፤ የሰውዬውን እንቅልፍ በእኔ ስም አትመዝግብብኝ።

ኑሰይባን ሰላም በልልኝ፤ አንተን የቻለች ታጋሽ ናት። አብሯችሁ የሚኖረውን የአጎታችንን ልጅ ነስሮንም እንዲሁ። አክስት ሐዲያ ሰላም ብለውሃል። ዐብዱልሐኪምም ሰላም ይልህ ነበር፣ ግን ተኝቷል። ለእናታችን ሰላምታ አልልክም፤ ራሳቸው መጥተው ይቀበሉኝ።

እኅትህ ናፊያ
ሐረር፣ ጀጎል
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.