ሁለት ወንድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

«አንድ ቤት ሁለት ወንድ አይችልም። አንዱን መቁረጥ አለብኝ።»

ሚስቴ ናት፤ ለእህቷ፣ በስልክ። ሻይ ልቀዳ ብቅ ስል ድምፅዋን ቀነሰች። እኔም የቤቱን ወንድ ቆጠርኩ። አንድ። ድመቷ እንኳ ሴት ናት። ሌላኛው ማነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

መብራት ጠፋ። የሚስቴ ስፌት መኪና ቆመች፤ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ባንድ እጅጌ ቀረ። ጄኔሬተር ገዝተናል፣ ግን ከቤቱ ጋር የሚያገናኘው የለም።

«ለሽቦ ልደውልለት?» አለች።

ሽቦ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነው። አብረው ተምረዋል። ቀጭን ስለሆነ ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ሽቦ መጣ። «መርፌ፣ ጠፋሽ እኮ!» ... መርፌ? ለካ እሷም ስም አላት።

ቆጣሪውን አየ፣ አንኳኳ፣ ፎከረ። ቼንጅ ኦቨር ያስፈልጋል አለ። እጀታ ያለው ሳጥን ነው፤ ሽቅብ ሲገፉት ቤቱ ኃይል ከውጭው መስመር ይወስዳል፣ ቁልቁል ሲስቡት ከጄኔሬተሩ።

«ሁለቱን ባንድ ጊዜ አያገኝም፣ ጋሼ። ቁም ነገሩ እሱ ነው።»

ጋሼ! ... ይህን ሲል ማንን ነበር የሚያየው? እሷ ሳቀች። እኔ ቀልድ ስነግራት «ገባኝ» ነው የምትለው።

ሳጥኑን ማክሰኞ ያመጣል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ለምን ማክሰኞን እንጠብቃለን? የሰው መጽሐፍ ሳርም የኖርኩ ሰው አንድ ገመድ ያቅተኛል?

ሚስቴ ደንበኛ ልትለካ እንደወጣች ገመድ ገዝቼ በሁለቱም ጫፍ ባለ ጥርስ ሶኬት ገጠምኩ። አንዱ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ይሰካል። አለቀ። ቤቴ ያለ ሽቦ ይበራል። (ይቺን ቀልድ ለማን ልንገራት?)

ቁም ሣጥኑ ኋላ ደበቅኩት። መብራት ሲጠፋ ጉድ ትበል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሽቦ ሳጥኑን አቅፎ ገባ። «አልተቸገርክም» ብዬ ገመዴን ዘረጋሁለት። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ኧረ ጋሼ! ይሄ እኮ ሁለት ወንድ ነው!»

ባለ ጥርሱ ወንድ፣ ባለ ቀዳዳው ሴት ይባላል ለካ። ጄኔሬተሩ እየሠራ አንዱ ጫፍ ቢነቀል ጥርሱን የነካ አበቃለት። ባይነቀል ደግሞ ኃይሉ በቆጣሪው ተመልሶ ወደ ውጭው መስመር ይሄዳል፤ መብራት የለም ብሎ ፖል ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል።

«ፖል ላይ የምወጣው እኮ እኔ ነኝ» አለ ሽቦ።

እውነቱን ለመጻፍ ... ለአንድ አፍታ ያን ያህል መጥፎ ገመድ አልመሰለኝም።

ሚስቴ የሽቦን ፒንሳ አንሥታ አንዱን ጫፍ ቆረጥ አደረገችው። ይሄኔ በራልኝ።

«ለእህትሽ ስታወሪ ... ሁለት ወንድ፣ አንዱን መቁረጥ ... ስለዚህ ነበር?»

የተቆረጠውን ሶኬት እጇ ላይ አገላበጠችው።

«አዎ» አለች። «ስለ ገመዱ ነው።»

ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ የሰሞኑ ቅናቴ ሁሉ በሳቅ ወጣ። ሽቦ ግን አልሳቀም፤ ጀርባውን ሰጥቶን ብሎን ያጠብቅ ነበር። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 14

መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን አስነሥቼ እጀታውን ቁልቁል ሳብኩ፤ ቤቱ ቦግ አለ። ቀሚሱ ሁለተኛ እጅጌውን አገኘ። «ጎበዝ የኔ ጌታ» አለችኝ። የኔ ጌታ! ለሽቦ ደውዬ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ። ስልኬንም አንሥቼ ነበር።

አስቀመጥኩት።

ሚስቴ ለእህቷ ስታወራ የሰማሁት ሰኞ ነው። ገመዱን የሠራሁት ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ቅዳሜ።